እልፍኙ የእውነት፣ ጓዳው የእንጨት

ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን ታውቁታላችሁ። ሰፊ ለምለም መስክ። እዚህም እዚያም ጥላቸውን ጥለው የቆሙ የዕድሜ ባለጸጋ ዛፎች። ከዛፎቹ ባሻገር የማር ወለላ የመሰለ ድንጋይ የለበሰ፣ ማማው ደመና ሊወጋ የተነሣ ግንብ። አንድ ጌታ ከውሻው ጋር ወደ ግንቡ ያዘግማል፤ ሙዚቃው ይንቆረቆራል፤ የአሽከር መጥሪያው ደወል ይንጫረራል። «ዳውንተን አቢ» ጀመረ ማለት ነው።

ይህ የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ ከ2010 እስከ 2015 በቴሌቪዥን ታየ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ)። እሱ አልበቃ ብሎ በ2019፣ በ2022 እና በ2025 ሦስት ፊልም ወጣለት። ታሪኩ ፈጠራ ነው። ግራንታም የሚባሉት ጌታ የሉም፤ ዳውንተን የሚባል ግንብም የለም። ድንጋዩ ግን አለ። ስሙ ሃይክሌር ካስል ይባላል፤ ከለንደን በስተምዕራብ ሃምፕሸር በሚባለው አገር ይገኛል። ባለቤቶቹ «ኤርል» የሚባለውን የመኳንንት ማዕረግ የያዙት የካርናርቨን ቤተሰቦች ናቸው። የአሁኑን መልኩን የነደፈለት ቻርልስ ባሪ፣ የእንግሊዝን የፓርላማ ሕንፃ የነደፈው ያው ሰውዬ ነው። አምስተኛው ኤርል ደግሞ ግብፅ ድረስ ሄደው ገንዘባቸውን አፍስሰው፣ በ1922 የቱታንካሙን መቃብር እንዲገኝ ያደረጉት ናቸው። እንግዲህ ግንቡ የራሱ የሆነ፣ ለሦስት ድራማ የሚበቃ ታሪክ አለው ማለት ነው። ሰው ግን የሚሄደው ያልነበሩትን ሰዎች ቤት ለማየት ነው።

አይፈረድም። ሰው የወደደውን ነገር በእግሩ ረግጦ ካላየ አይረካም። ደግሞም ሃይክሌር ብቻውን አይደለም። የእንግሊዝ ገጠር ዛሬ እንደ ንግሥ በዓል አውቶቡስ ተኮናትሮ የሚኬድበት የፊልም መንገድ ሆኗል። ኦክስፎርድሸር ውስጥ ባምፕተን የምትባል መንደር አለች፤ የዳውንተን መንደር ሆና የተቀረፀችው እሷ ናት። ሰው ቤተ ክርስቲያኗን አይቶ «እዚህ ነው የተጋቡት» ይላል፤ ቤተ መጻሕፍቷ ድራማው ላይ ሆስፒታል ስለሆነ በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ሰሜን ዮርክሸር ውስጥ ጎዝላንድ የምትባለው መንደር ከ1992 እስከ 2010 በታየው «ሃርትቢት» በተባለው የፖሊስ ድራማ ስሟ ተቀይሮ ኖረች፤ የባቡር ጣቢያዋ ደግሞ በመጀመሪያው የሃሪ ፖተር ፊልም ላይ የጠንቋዮቹ ጣቢያ ሆነ። አልንዊክ የሚባለው ግንብ ከገባችሁ፣ ሃሪ ፖተር መብረር በተማረበት ግቢ፣ መጥረጊያ እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ እንድትዘሉ ያደርጓችኋል። ሽማግሌውም ይዘላል፣ ልጁም ይዘላል። ደስ ሲል!

ከሁሉም የምትገርመኝ ግን ላኮክ ናት። ዊልትሸር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ1944 ባለቤቷ የነበሩት እመቤት፣ ማቲልዳ ታልቦት፣ ከገዳሙ ጋር ጠቅልለው ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ባለአደራ ማኅበር አስረከቧት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አይታይባትም። እናም የዱሮ ዘመን ፊልም የሚሠራ ሁሉ መንገዷ ላይ አፈር ደፍቶ፣ ፈረሶቹን አሰልፎ ይቀርፃል። የ1995ቱ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» እዚያ ተቀርጿል፤ የ2007ቱ «ክራንፎርድ» እዚያ ነው፤ የሃሪ ፖተር ወላጆች ቤት እዚያ ነው። አሁን ልብ አድርጉልኝ። በዚያው በላኮክ ገዳም፣ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የሚባል የቤቱ ጌታ በ1835 የአንዲት መስኮት ምስል በወረቀት ላይ አስቀረ። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከቆዩት የፎቶግራፍ ኔጌቲቮች የመጀመሪያው የዚያች መስኮት ነው። መስኮቷ አሁንም አለች። ፎቶ ከተባለ ነገር ጅማሬዎች አንዱ የሆነ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ፎቶ እያነሣ፣ ስለ ፎቶ ሳይሆን ስለ ጠንቋዩ ልጅ የሚያወራ ሕዝብ አይገርማችሁም?

ይኼ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ሰው የፈለገውን ይውደድ። እኔን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነው።

ወደ ሃይክሌር እንመለስ። ቲኬታችሁን ቆርጣችሁ ገባችሁ እንበል። ጌታው ደብዳቤ የሚጽፉበትን ቤተ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ፤ ያው ቀይ ሶፋ አለ። ራት የሚበላበት አዳራሽ አለ፤ ቻርልስ ቀዳማዊ በፈረስ ላይ ሆነው የተሳሉበት ትልቁ ሥዕል ግድግዳው ላይ አለ። ልጆቹ ተሽቀርቅረው የሚወርዱበት ደረጃም አለ። ሁሉም የእውነት ነው፤ በቴሌቪዥን ያያችሁት ያው ራሱ። ከዚያ «ምድር ቤቱስ?» ትላላችሁ። ወጥ ቤቷ በምጣድና በድስት መሃል ረዳቷን የምትቆጣበት ማድ ቤትስ? የአሳላፊዎቹ አለቃ ብሩን የሚወለውልበት ክፍልስ? ገረዶቹና አሽከሮቹ ተሰብስበው የሚበሉበት ያ ረጅም ጠረጴዛስ? ደወሎቹስ?

የሉም። ምድር ቤት ስትወርዱ የምታገኙት የግብፅ ኤግዚቢሽን ነው፤ የቱታንካሙን ነገር። በዳውንተን አቢ ያያችሁት የአሽከሮች ዓለም በሙሉ የተቀረፀው ለንደን ከተማ፣ ኢሊንግ በሚባል ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ዲኮር ነው። ለቀረፃ የቆመ፣ ቀረፃው ሲያልቅ የሚነሣ። እልፍኙ የእውነት፣ ጓዳው የእንጨት!

አንድ ጊዜ ቢሆን «አጋጣሚ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። የዳውንተን ደራሲ ጁሊያን ፌሎውስ ከዚያ በፊት ሮበርት አልትማን ላዘጋጀው «ጎስፎርድ ፓርክ» ለተባለ የ2001 ፊልም ድርሰቱን ጽፎ ኦስካር ወስዷል። ያም የጌቶችና የአሽከሮች ታሪክ ነው። የላይኛው ፎቅ የተቀረፀው በእውነተኛ የመኳንንት ቤቶች ውስጥ ነው። ምድር ቤቱስ? ሼፐርተን ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ዲኮር። እንግዲህ የእንግሊዝ ገጠር ግንቦች ጌታው የተኛበትን አልጋ፣ ጌታው የተመለከተበትን መስታወት፣ የጌታውን የአያት ቅድመ አያት ሥዕል ጠብቀው አቆይተዋል። ያን ሁሉ ሲያጥብ፣ ሲወለውል፣ ሲያነጥፍ የኖረው ሰው የቆመበትን ድንጋይ ግን ብዙዎቹ አላቆዩም። አንዱ ጋራዥ ሆነ፣ አንዱ ሻይ ቤት ሆነ፣ አንዱ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሆነ።

ለምን? መልሱ እኮ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ጓዳ ማንም ሊያየው የተሠራ ቦታ አይደለም። የቤቱ አሠራር ራሱ ሠራተኛው እንዳይታይ ሆኖ የታቀደ ነበር፤ የጀርባ ደረጃ፣ የጀርባ በር፣ የጀርባ መተላለፊያ። እሳቱ ጌታው ሳይነቁ ይነድዳል፤ ማን እንዳነደደው ግን አይታይም። ጥሩ አገልጋይ ማለት የማይታይ አገልጋይ ነበር። ጊዜው ሲያልፍ መጀመሪያ የፈረሰው፣ መጀመሪያም የተለወጠው፣ ሲጀመርም እንዳይታይ የተሠራው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ ሴቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ይኼ ሁሉ ሰው ደብዳቤ የጻፈበት፣ ያለቀሰበት፣ የሳቀበት ክፍል ነበረው። ዛሬ እሱን ልይ ላለ ጎብኚ የሚቀርብለት ብዙውን ጊዜ የስቱዲዮ ፎቶግራፍ ነው።

የነገሩ ምፀት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ግንቦች ለቲኬት ቆራጭ የተከፈቱት ባለቤቶቹ እንግዳ ስለናፈቃቸው አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጃገረዶቹ ፋብሪካውንና ቢሮውን አይተው ለጌታ ቤት ጀርባቸውን ሰጡ። የውርስ ግብሩም ከበደ። ያን ሁሉ መስኮት የሚወለውል፣ ያን ሁሉ ምድጃ የሚያነድድ ሰው ታጣ። በዚያ ክፍለ ዘመን ውስጥ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የገጠር ግንቦች ፈረሱ፤ ነገሩ እጅግ ስላሳሰበ በ1974 ለንደን ውስጥ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ስለ ግንቦቹ መፍረስ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። ከመፍረስ የተረፉት በራቸውን ለሕዝብ ከፈቱ። በአጭሩ፣ ጎብኚው የገባው ገረዷ በወጣችበት በር ነው። እሱ ግን የሚጠይቀው ስለ ጌታዋ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «ድራማውን ልትከስስ ነው?» እንዳትሉኝ። በዚህ ድራማው አይከሰስም። ዳውንተን አቢ ሌላ ሌላ ነውር አለበት፤ ጌቶቹ ከመጠን በላይ ደጎች፣ አሽከሮቹ ከመጠን በላይ ረኪዎች ናቸው፤ ችግር ሲመጣ ጌታው ኪሳቸውን ከፍተው ይፈቱታል። ማር የተቀባ ታሪክ ነው። ሆኖም ግማሹን ሰዓት ለምድር ቤቱ ሰጥቷል። የወጥ ቤቷ ዓይን መታመም ከጌታው ሀብት መክሰር እኩል ቦታ አግኝቷል። ድራማው ሁለት ፎቅ አለው። ወደ ቦታው የሚወስደን ጉዞ ግን አንዱን ፎቅ ብቻ ነው የሚያሳየን። በቴሌቪዥን የታየውን የአሽከር ሕይወት፣ ጉብኝቱ መልሶ ሰረዘው። ሒሴ በጉብኝቱ ላይ ነው የምለውም ለዚህ ነው። ፈጠራው ያስታወሰውን «እውነቱ» ረሳው።

ለንደን የምትኖር፣ ሌሊት ሌሊት የመሥሪያ ቤት ጽዳት የምትሠራ አንዲት እህታችን እንዲህ ካሉት ግንቦች አንዱን በሽርሽር ሄዳ አይታው ነበር። «እንዴት ነበር?» አልኳት በስልክ። «በጣም ደስ ይላል ጋሼ፣ ምን ዋጋ አለው» አለች። «ምነው?» ብላት፣ «እኔ እኮ ዝም ብዬ መስኮቱን ስቆጥር ነው የዋልኩት። ይኼን ሁሉ ማን ነው የሚወለውለው? አስጎብኚውን ብጠይቀው ሳቀብኝ።» ምን አሳቀው? ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቁም ነገሩ የሷ ነበር። የቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ቤት ሲያይ ሥራ ይታየዋል። የማያውቅ ሰው ቤት ሲያይ መጋረጃ ይታየዋል።

አሁን ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ይኼ ጉብኝት የሚባለው ነገር ከቴሌቪዥን ጋር የመጣ አይደለምና። ጄን ኦስተን በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ኤልሳቤጥ የምትባለው ልጅ ዳርሲ የተባለውን ኩሩ ሀብታም አልወድህም ብላ መልሳዋለች። ከዚያ ከአክስቷና ከአጎቷ ጋር አገር ልታይ ስትወጣ፣ ፔምበርሊ የሚባለውን የሱን ግንብ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ገብታ ታየዋለች። በዚያ ዘመን የታወቀ ልማድ ነበር፤ ጨዋ መንገደኛ በሩን ያንኳኳል፣ ቁልፉን የያዘችው የገረዶች አለቃ ወጥታ ታስጎበኘዋለች። ኤልሳቤጥንም ያስጎበኘቻት ሚስስ ሬይኖልድስ የምትባል የቤቱ ሠራተኛ ናት። ይህችው ሴት ናት ጌታዋን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እንደምታውቀው፣ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ የምትመሰክረው። የኤልሳቤጥ ልብ መዞር የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ኤልሳቤጥ ግንቡን አየች፤ ሰውየውን ግን ያወቀችው በሠራተኛዋ አፍ ነው። ኦስተን የገባት ነገር አለ፤ ስለ አንድ ቤት እውነቱን የሚያውቀው ቁልፉን የያዘው ሳይሆን ቁልፉን የተሸከመው ነው።

ዛሬስ? ሰው ፔምበርሊን ፍለጋ ቼሸር ውስጥ ወዳለው ላይም ወደሚባለው ግቢ ይሄዳል። ለምን ቢሉ፣ በ1995ቱ የቢቢሲ ድራማ ኮሊን ፈርዝ ኩሬ ገብቶ፣ ሸሚዙ ረጥቦ የወጣው እዚያ ስለሆነ ነው። ያ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የግንቡን ውስጥ አያለሁ ብሎ የሚገባም ይሞኛል፤ የፔምበርሊ ውስጠኛ ክፍሎች የተቀረፁት ደርቢሸር ውስጥ ባለ ሌላ ቤት፣ ሰድበሪ ሆል ነው። የ2005ቱ ፊልም ደግሞ ቻትስወርዝን ፔምበርሊ አደረገው፤ ኦስተን ግን ቻትስወርዝን በስሙ ጠርታ ከአካባቢው ሌሎች የታወቁ ቦታዎች ጋር ስለቆጠረችው፣ ቻትስወርዝ ፔምበርሊ ሊሆን አይችልም። ከዚህ ሁሉ መደናገር ውስጥ ለጎብኚው የቀረለት እርጥብ ሸሚዝ ነው። ሚስስ ሬይኖልድስ ከታሪኩ ወጥታለች።

ከአገልጋዩ ባሻገር ደግሞ ይበልጥ የማይታይ ሰው አለ። ዮርክሸር ውስጥ፣ ሊድስ ከተማ አጠገብ፣ ሄርዉድ የሚባል እጅግ የተዋበ ቤት ይገኛል። ግንባታው በ1759 ተጀመረ። ያሠሩት ላስልስ የሚባሉት ቤተሰቦች ናቸው፤ ሀብታቸው የመጣው ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከባርቤዶስ፣ ከስኳርና ከባሪያ ንግድ ነው። እንግሊዝ በ1833 ባርነትን በሕግ ስታስቀር ካሳ ከፈለች፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ። ለማን? ለባሪያዎቹ እንዳትሉ! ለባለቤቶቹ ነው። የሄርዉድ ኤርል ለ1,277 ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀበሉ። ነፃ የወጣው ሰው አንዲት ሳንቲም አልደረሰውም።

ዛሬ ያ ቤት የንግሥት ቪክቶሪያን ሕይወት በሚያሳየው ድራማ ላይ ቤተ መንግሥት ሆኖ ተውኗል፤ በ2019ኙ የዳውንተን ፊልምም ላይ አለ። በርስቱ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። «ኤመርዴል» የሚባለው ከ1972 ጀምሮ የሚታይ ዝነኛ የገጠር ድራማ ቀድሞ በእውነተኛ መንደር ይቀረፅ ነበር። የመንደሩ ሰው በጎብኚ ብዛት መተንፈሻ አጣ። ስለዚህ በ1998 በሄርዉድ ርስት ላይ ለቀረፃ ብቻ የሚሆን ሙሉ መንደር ተሠራ፤ መጠጥ ቤት ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን ያለው፣ መካነ መቃብር ያለው። ጎብኚም እንዲያየው የተከፈተባቸው ጊዜያት አሉ። ሰው ሄዶ በድራማው ላይ የሞቱ ገጸ ባሕርያት መቃብር ላይ ቆሞ ያዝናል፤ ፎቶ ይነሣል። ማንም ያልተቀበረበት መቃብር! ላልተወለደ ሰው ድንጋይ ቆሞለት ስሙ ተጽፎለታል። ርስቱን በላባቸው ያቆሙት እነዚያ 1,277 ሰዎች ግን በዚያ መቃብር ድንጋይ ላይ ስማቸው የለም።

ለሐቅ ያህል፣ የሄርዉድ ቤት ታሪኩን አይደብቅም፤ የዛሬው ኤርል ስለ ቤተሰባቸው ሀብት ምንጭ በአደባባይ ይናገራሉ። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ናሽናል ትረስት በመስከረም 2020 ከሚያስተዳድራቸው ቦታዎች 93ቱ ከባርነትና ከቅኝ ግዛት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የሚያሳይ ጥናት ሲያወጣ፣ ከፓርላማ አባላትና ከጋዜጦች ወገን ቁጣ ተነሣ። የቁጣው ጭማቂ ሲጨመቅ፣ «ሻያችንን በሰላም እንጠጣበት፣ ምን ይሁን ብላችሁ ነው?» የሚል ነው። አያችሁ፣ ፊልሙ ጎብኚውን ያስለመደው ይኼንን ነው። ግንብ ማለት የፍቅር ታሪክ የሚጠናቀቅበት ቦታ ነው ብሎ የመጣ ሰው፣ በሒሳብ መዝገብ ሲቀበሉት የተታለለ ይመስለዋል።

ነገሩ እኛንም የሚነካበት ቦታ አለ። ወደ ላኮክና ወደ ሌሎቹ የፊልም መንደሮች የሚሄዱ አውቶቡሶች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ባዝ ከምትባለው ከተማ ነው። ባዝ ራሷ ከ2020 ጀምሮ በሚታየው «ብሪጀርተን» ምክንያት ሰው ይጎርፍባታል፤ ሮያል ክሬሰንት በሚባለው ጎዳና ቁጥር 1 ቤት በድራማው የአንድ ባለማዕረግ ቤተሰብ ቤት ሆኖ ስለታየ፣ ደጃፉ ላይ ፎቶ የሚነሣው ብዙ ነው። ከዚያው ከተማ ዳርቻ ላይ ፌርፊልድ ሃውስ የሚባል ቤት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በፋሺስት ስትወረር፣ ከ1936 እስከ 1940 የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ። ስለ ንጉሡ የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ ይኼ ግን የእውነት ቤት፣ የእውነት ስደት ነው። የፈጠራዋ እመቤት ደጃፍ ላይ ሰው ሲጋፋ፣ የዚህኛውን በር የሚያንኳኳው ጥቂት ነው። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም የሚወስነው ታሪክ አይደለም። ካሜራው የቆመበት ነው።

አሁን የሌላውን ወገን ክርክር ደግሞ እናድምጥ፤ ሳያደምጡ መፍረድ ነውር ነውና። «አንተ ሰውዬ፣ ፊልሙ ባይኖር ግንቡም አይኖርም ነበር» የሚል አለ። እውነት አለው። ሃይክሌር ድራማው ከመምጣቱ በፊት፣ በ2009፣ ብዙ ክፍሎቹ በውኃ ተጎድተው ለመኖሪያ የማይሆኑ ነበሩ፤ የጥገናው ወጪ በሚሊዮን ፓውንዶች ይገመት ነበር። ጣሪያውን ለመጠገን አቅም የሰጠው ድራማውን አይቶ የመጣው ጎብኚ ነው። የትንንሾቹ መንደሮች ሻይ ቤትና ማደሪያም የሚኖረው በዚሁ ገንዘብ ነው። ገንዘቡን ማንም አይጠላም። ጣሪያው ከዳነ ዘንድ፣ ከጣሪያው ሥር የኖረው ሰው ሁሉ ይነሣ ነው የምለው።

«ፍቅሩስ ውሸት ነው ወይ?» የሚልም አለ። አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ፣ ሮማውያን በሠሩት የሃድሪያን ግንብ ላይ፣ በሁለት ጉብታ መሃል ብቻዋን የቆመች አንዲት ዛፍ ነበረች። በ1991 በወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም ላይ ታየችና ዝነኛ ሆነች። ፊልሙማ ሮቢን ሁድን በደቡብ ጫፍ ዶቨር አውርዶ፣ በዚያው ቀን ኖቲንግሃም እደርሳለሁ እያለ በሰሜን ጫፍ ባለችው ዛፍ ሥር ያሳልፈዋል፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ ቢያየው ራሱን ይስታል። ሆኖም በመስከረም 2023 ማለቂያ ላይ ሰዎች በሌሊት በመጋዝ ሲጥሏት ያገሬው ሰው የለቀሰው ለፊልም አልነበረም። ሥሯ የተጫጨ አለ፤ የእናቱን አመድ ሥሯ የበተነ አለ። በ2025 ጥፋተኛ የተባሉት ሁለቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው አራት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባቸው። ከፊልም የጀመረ ፍቅር ወደ እውነት ሊያድግ ይችላል። የሚያድገው ግን ሰው ቦታውን ለራሱ ሲል ሲያየው፣ ያገሬውን ሰው ሲጠይቅ ነው።

ስለዚህ አትሂዱ አልልም። እድሉን ያገኘ ሂዱ፣ እዩ። ብቻ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ «የጓዳው በር በየት ነው?» በሉ። መልስ የሚሰጡ ቤቶች አሉ። ኮርንዎል ውስጥ ላንሃይድሮክ የሚባለው ቤት ማድ ቤቱን ከነምድጃው፣ ከነወተት ቤቱ፣ ከገረዶቹ መኝታ ጋር ያሳያል። ሰሴክስ ውስጥ ፔትዎርዝም የአሽከሮቹን ወገን ከፍቷል።  እዚያ የቆመ ሰው አንድ ነገር በዓይኑ ያያል፤ ላይኛው አዳራሽ ውበቱን ያገኘው ከታች ባለው ጢስ ነው።

እንግሊዞቹን ስንታዘብ ግን የራሳችንን ግቢ አንርሳ። እኛም ቤት ስናሠራ ከዋናው ቤት ጀርባ «ሰርቪስ» የምንላት ጠባብ ክፍል እንሠራለን። እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን፣ ሶፋውን፣ የሠርጉን ፎቶ እናሳያለን፤ ሰርቪሷን ግን ያሳየ ሰው አላየሁም። ድንገት መቶ ዓመት ቆይቶ አንድ ፊልም ሠሪ የኛን ዘመን ልቅረፅ ብሎ ቢመጣ፣ ሳሎናችንን ሳይፈርስ ያገኘው ይሆናል። ቡናውን የምታፈላው፣ ልጆቻችንን የምታሳድገው ልጅ የተኛችበትን ክፍል ግን ስቱዲዮ ውስጥ በእንጨት ሠርቶ እንዳይቀርፀው እፈራለሁ።